የወንዝ ውሃ ከፍታና ፍሰት እንዴት ይለካል፦ ከጌጅ ተከላ እስከ ሬቲንግ ከርቭ

ወንዝ ላይ ሌት ተቀን የሚለካው ከፍታ እንጂ ፍሰት አይደለም። በሰከንድ ስንት ሜትር ኪዩብ ውሃ አለፈ የሚለው ቁጥር የሚገኘው ከከፍታው ተሰልቶ ነው። ለዚህ ስሌት ሦስት ነገሮች የግድ ያስፈልጋሉ፦ ዜሮው የማይነቃነቅ ጌጅ (ውሃው ውስጥ የሚቆም የከፍታ መለኪያ ሰሌዳ)፣ ውሃው ሲጎድልም ሲሞላም ቦታው ድረስ ተሄዶ የተለካ ፍሰት፣ እንዲሁም ሁለቱን የሚያያይዝ ሬቲንግ ከርቭ። ውድ ሴንሰር መግዛት ከሦስቱ አንዱንም አይተካም። ገንዘቡ ሁሉ ሴንሰር ላይ አልቆ ፍሰት የሚለካ ሰው ካልተመደበ፣ ለዓመታት የሚጠራቀመው ወደ ፍሰት ሊለወጥ የማይችል የከፍታ ቁጥር ብቻ ነው።

ስህተት የት ላይ እንደሚከብድ ከወዲሁ ማየት ይጠቅማል። የአንድ ጣቢያ ቀመር ፍ = 8 × (ከ − 0.20)^1.8 ነው እንበል፤ ፍ ፍሰቱ በሜትር ኪዩብ በሰከንድ፣ ከ የጌጅ ንባቡ በሜትር ነው። ጌጁ 0.30 ሲያነብ ፍሰቱ 0.127 ይሆናል። ጌጁ 2 ሴንቲሜትር ሰምጦ 0.32 ቢያነብ ግን 0.176 ይወጣል፤ ልዩነቱ ወደ 39 በመቶ ነው። ያው የ2 ሴንቲሜትር ስህተት ጌጁ 1.20 ሲያነብ የሚያመጣው ከ4 በመቶ ያነሰ ነው። ስለዚህ ውሃው ሲያንስ ጠላታችሁ የጌጁ ዜሮ ነው፤ ሲሞላ ደግሞ ያልተለካ ፍሰት።

ቦታ መምረጥ

የጌጅ ቦታ የሚመረጠው ጌጁ የሚቆምበትን በማየት ሳይሆን ከጌጁ በታች ያለውን በማየት ነው። ከጌጁ ዝቅ ብሎ ውሃውን ገትሮ ከፍታውን የሚወስን ነገር አለ፦ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ አለት፣ ውሃው እየተንሿሿ የሚወርድበት ድንጋያማ ቦታ ወይም የተሠራ የኮንክሪት እርከን። ባለሙያዎች ኮንትሮል ይሉታል። ውሃው ሲበዛ ይህ አለት ይዋጥና ኮንትሮል የሚሆነው ወንዙ የሚሄድበት ቦይ ራሱ ነው፤ ስፋቱ፣ ተዳፋቱ፣ ሻካራነቱ። አለት ላይ ያረፈ ጣቢያ ከርቩ ለዓመታት ሊጸና ይችላል። አሸዋ ላይ ያረፈ ግን ከእያንዳንዱ ትልቅ ሙላት በኋላ አዲስ ልኬት ይጠይቃል፤ ሌላ አማራጭ ከሌለ ይህንን የሥራ ጫና አስቀድማችሁ በጀት ውስጥ አስገቡት።

መጀመሪያ ቦታውን የምታዩት ውሃው በጎደለበት ወቅት ይሁን፤ ወለሉና ኮንትሮሉ ያኔ ይታያል። ከጌጁ ወደ ላይም ወደ ታችም 100 ሜትር ያህል ቀጥ ያለ ቢሆን ይመረጣል። ሙላት ሲመጣ ውሃው በጎን በሌላ ቦይ አምልጦ የሚያልፍበት ቦታ ከሆነ ተዉት። በታች በኩል ግድብ፣ ሐይቅ ወይም ሌላ ትልቅ ወንዝ የሚገናኝበት ቦታ ቅርብ ከሆነም ተዉት፤ ያ ሲሞላ ውሃው ወደ ኋላ ይገፋና ከፍታው ይጨምራል፣ ፍሰቱ ግን አልጨመረም። እንዲህ ባለ ቦታ አንድ ከፍታ ብዙ ፍሰት ሊኖረው ስለሚችል ተራ ከርቭ አይሠራም። በመጨረሻም በጎርፍ ቀን እዚያ መድረስ ይቻላል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። በጣም የሚፈለገው ልኬት የዚያን ቀኑ ነውና መንገዱ የሚቆረጥ ከሆነ ቦታው ምንም ያህል ቢያምር አይጠቅምም።

ስታፍ ጌጁን መትከል

ጌጅ ማለት በሴንቲሜትር የተከፋፈለ፣ ብዙ ጊዜ 1 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ ኢናሜል ብረት ወይም ፋይበር ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው በወፍራም ጣውላ ወይም በብረት ላይ በብሎን ይታሰራል፤ እሱ ደግሞ አለት ውስጥ በተቀበረ ወይም በኮንክሪት በቆመ አንግል ብረት ላይ። ኮንክሪቱ ከወንዙ ወለል በታች ጎርፉ ሊቦረቡረው ከሚችለው ጥልቀት አልፎ መውረድ አለበት። የድልድይ ምሰሶ ላይ መለጠፍ ቀላል ይመስላል፤ ግን ምሰሶው ፊት ለፊት ውሃው ይቆለላል፣ ከኋላው ይጎደጉዳል፣ ሁለቱም ትክክለኛውን ከፍታ አይሰጡም። የግድ ከሆነ ፍሰቱ ሰላማዊ በሆነበት የዳር ግንብ ላይ ይሁን።

የጌጁ ዜሮ ወንዙ መፍሰስ ከሚያቆምበት ከፍታ ዝቅ ይበል። ወለሉ ሊሸረሸር የሚችል ከሆነ ይበልጥ ዝቅ አድርጉት። ምክንያቱም በኋላ አሉታዊ ቁጥር ከመጣ አንባቢው የመቀነስ ምልክቱን መጻፍ ይረሳል፤ ያ ስህተት ደግሞ ከዓመታት በኋላ ሲገኝ የሚያርመው የለም።

የውሃው የከፍታ ልዩነት ብዙ ሜትር ከሆነ ሰሌዳዎቹ ዳርቻውን ተከትለው በደረጃ ይተከላሉ። የታችኛው 0 እስከ 1 ሜትር ካነበበ፣ ቀጣዩ ከ1 እስከ 2 ያነባል፤ ሁለቱም ግን የሚለኩት ከአንድ ዜሮ ነው። በአጎራባቾቹ መካከል ክፍተት እንዳይኖር ጫፎቻቸው ትንሽ ይደራረቡ። እያንዳንዱ ሰሌዳ በቱንቢ ወይም በውሃ ልክ ቀጥ ማለቱ ይታያል፤ ዘንበል ያለ ሰሌዳ ከእውነተኛው ከፍታ በላይ ያነባል።

ከዚያ ሌቭል (የከፍታ ልዩነት መለኪያ መሣሪያ) ይምጣ። ቢያንስ ሦስት ቤንችማርኮች (የጌጁ ከፍታ የሚመሳከርባቸው ቋሚ ነጥቦች) አቁሙ፦ ጎርፍ በማይደርስበት አለት ወይም ጽኑ ግንብ ላይ የተቀበረ የነሐስ ወይም የማይዝግ ብረት ፒን። ጌጁ ራሱ የቆመበት ኮንክሪት እንደ ቤንችማርክ አይቆጠርም፤ ጌጁ ሲሰምጥ አብሮ ይሰምጣላ። ሦስት የሚሆኑበት ምክንያት አንዱ ቢነቃነቅ ሁለቱ እንዲያጋልጡት ነው፤ ሁለት ብቻ ከሆኑ የትኛው እንደተነቃነቀ አይታወቅም። ልኬቱን ከቤንችማርክ ጀምራችሁ ጌጁን ነክታችሁ ወደዚያው ተመለሱ፤ ስትመለሱ የሚታየው ልዩነት (የመዝጊያ ስህተቱ) ከጥቂት ሚሊሜትር ካለፈ ድገሙት። ይህ ልኬት በዓመት አንድ ጊዜና ከእያንዳንዱ ትልቅ ጎርፍ በኋላ ይደገማል።

ጌጅ ማንበብ

ዓይናችሁ በተቻለ መጠን ከውሃው ወለል ጋር ይስተካከል። ውሃው የሚወዛወዝ ከሆነ ለግማሽ ደቂቃ ያህል አይታችሁ የከፍተኛውንና የዝቅተኛውን አማካይ ውሰዱ። ሰሌዳው ላይ ጭቃ ወይም አረንጓዴ አተላ ካለ በብሩሽ አጥባችሁ፣ የተንጠለጠለ ሣርና ቅርንጫፍ አንስታችሁ አንብቡ። ቁጥሩና ሰዓቱ እዚያው ቆማችሁ ይጻፉ እንጂ ቤት ተደርሶ አይታወሱም።

በደብተሮች ላይ ደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች ጥቂት ናቸው። አንዱ ልክ 10 ሴንቲሜትር ወይም ልክ 1 ሜትር የሳተ ንባብ ነው፤ 1.37 የነበረው 1.47 ወይም 2.37 ሆኖ ይጻፋል። ሌላው ሰሌዳው ደረቅ ሲሆን ዜሮ መጻፍ ነው። ዜሮ ራሱ አንድ ከፍታ ስለሆነ «ውሃው ከጌጅ በታች» ተብሎ ነው መጻፍ ያለበት። ሦስተኛው ለሳምንት ሙሉ ሳይነቃነቅ የሚደጋገም ተመሳሳይ ቁጥር ነው፤ ወንዝ በዝናብ ወራት እንዲህ አይቆምም፣ አንባቢው አልሄደም ማለት ነው።

ጠዋትና ማታ በቋሚ ሰዓት ማንበብ ለትልቅና ቀስ ብሎ ለሚለዋወጥ ወንዝ ይበቃል። ደራሽ ለሚመጣበት ትንሽ ወንዝ ግን አይበቃም፤ ጎርፉ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ከማታው ንባብ በፊት ሊያልፍ ይችላል። በሙላት ጊዜ በየሰዓቱ ማንበብ ወይም ሴንሰር መጨመር ያስፈልጋል።

ሴንሰር ከተጨመረ

በብዛት የሚሠራባቸው ሁለት ናቸው፦ ውሃ ውስጥ የሚገባ የግፊት ሴንሰርና ከላይ ሆኖ የሚያይ ራዳር።

የግፊት ሴንሰር ከላዩ ያለውን የውሃ ክብደት ይለካል፤ 1 ሜትር ውሃ 9.8 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። ግን አየሩም ውሃውን ይጫናል። የአየር ግፊት በ10 ሄክቶፓስካል ሲለዋወጥ ያልታረመው ንባብ ወደ 10 ሴንቲሜትር ይዛባል። ስለዚህ ወይ በኬብሉ ውስጥ አየር የሚያስገባ ቀጭን ቱቦ ያለው ዓይነት ትመርጣላችሁ፣ ወይም ከውሃው ውጭ ሁለተኛ የአየር ግፊት መዝጋቢ አስቀምጣችሁ ትቀንሳላችሁ። ባለ ቱቦው ጫፉ ላይ እርጥበት የሚመጥጥ ሲሊካ ጄል አለው፤ ቀለሙ ሲለወጥ ካልተተካ ቱቦው ውስጥ ጠል ይቋጠርና ንባቡ ቀስ በቀስ ይንሸራተታል። በስፔሲፊኬሽኑ ላይ «ትክክለኛነት 0.1 በመቶ» የሚለው የሙሉ መጠኑ 0.1 በመቶ መሆኑን አትርሱ፤ ለ10 ሜትር የተሠራ ሴንሰር ላይ ይህ 1 ሴንቲሜትር ነው። ወንዛችሁ 3 ሜትር ብቻ የሚነሳ ከሆነ ለ5 ሜትር የተሠራውን ግዙ።

ደለል በበዛበት ጎርፍ ሌላ ችግር ይመጣል። በሊትር 30 ግራም ደለል የያዘ ውሃ ከንጹሕ ውሃ 2 በመቶ ገደማ ይከብዳል፤ 3 ሜትር ጥልቀት ላይ ሴንሰሩ 6 ሴንቲሜትር ያህል አብልጦ ያነባል። ሴንሰሩን ራሱን በቀዳዳ የብረት ቱቦ ውስጥ አስገብታችሁ ቱቦውን ከአለት ወይም ከግንብ ጋር በብሎን እሰሩት፤ አፉ ወደ ፍሰቱ አይዙር፣ የውሃው ፍጥነት ራሱ ግፊት ይጨምራልና። ሴንሰሩ በተንጠለጠለ ኬብል ብቻ ከተያዘ እያንዳንዱ ጎርፍ ትንሽ ያነሳዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው መዝገብ ሁሉ ይዛነፋል።

ራዳር ውሃውን አይነካም፤ ደለልም ግንድም አይመታውም። ብዙውን ጊዜ ከድልድይ ላይ ይታሰራል። ጨረሩ ወደ ታች ሲወርድ እየሰፋ ስለሚሄድ ምሰሶ፣ ቁልቁል ዳርቻ ወይም የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ ክቡ ውስጥ እንዳይገባ አርቃችሁ እሰሩት። ውሃው ሲጎድል ከሥሩ አሸዋ ወይም ድንጋይ ብቅ ካለ ሴንሰሩ የአሸዋውን ከፍታ በታማኝነት መዝግቦ ይቀጥላል፤ ግራፉ ላይ ፍጹም ቀጥ ያለ መስመር ስታዩ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህንን ነው።

ከወንዙ ጎን በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ የሚቆም ባለ ተንሳፋፊ መዝጋቢ ዛሬም በብዙ ቦታ ይሠራል። ዋና በሽታው አንድ ነው፦ መግቢያ ቱቦው በደለል ይደፈናል፣ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ውሃ ከወንዙ ዘግይቶ ይነሳል፣ የጎርፉ ጫፍ ተቆርጦ ይመዘገባል። በየጉብኝቱ ውሃ ከላይ አፍስሳችሁ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚወርድ እዩ።

የመመዝገቢያ ልዩነቱ ለአብዛኛው ወንዝ 15 ደቂቃ፣ ለደራሽ ወንዝ 5 ደቂቃ ይሁን። የሎገሩ (የሴንሰሩን ንባብ የሚመዘግበው መሣሪያ) ሰዓትና የደብተሩ ሰዓት አንድ ዓይነት አቆጣጠር ይከተሉ። ሴንሰሩና ስታፍ ጌጁ ሲለያዩ የሚታመነው ጌጁ ነው፤ ጌጁ ራሱ ከቤንችማርኩ ጋር እስከተስማማ ድረስ።

ፍሰት መለካት፦ በካረንት ሜትር

የሥራው ልብ እዚህ ነው፤ ካረንት ሜትር የውሃን ፍጥነት የሚለካ መሣሪያ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ወንዙን ከዳር እስከ ዳር በሽንሽን ትከፍሉታላችሁ፣ የእያንዳንዱን ሽንሽን ስፋት፣ ጥልቀትና ፍጥነት ታባዛላችሁ፣ ሁሉንም ትደምራላችሁ።

የምትለኩበት ቦታ ጌጁ አጠገብ እንዲሆን ግዴታ የለም፤ በመካከሉ የሚገባ ወይም የሚወጣ ውሃ እስከሌለ ድረስ ጥቂት መቶ ሜትሮች ቢርቅም ችግር የለውም። ወለሉ ለስለስ ያለ፣ ፍሰቱ ቀጥ ያለ፣ የሚሽከረከርና የቆመ ውሃ የሌለበት ይሁን። ትልልቅ ድንጋይና አረም ካለ ልኬቱን ከመጀመራችሁ በፊት አንሱ፤ ከጀመራችሁ በኋላ ግን አትንኩ።

ሜትሩን ቀድማችሁ ፈትሹ። ጽዋ ያለው ፕራይስ ሜትር ንፋስ በሌለበት በእጅ ሲሽከረከር አንድ ደቂቃ ተኩል እንኳ ሳይሞላ ከቆመ መቀመጫው ቆሽሿል ወይም አልቋል፤ ይጽዳ፣ ካልተስተካከለ ይቀየር። እንዲህ ያለ ሜትር ዝግ ባለ ውሃ ውስጥ ፍጥነቱን አሳንሶ ያነባል።

ከዚያ የርዝመት መለኪያ ቴፕ ከዳር እስከ ዳር ከፍሰቱ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን እንዲሠራ አድርጋችሁ ወጥሩ። የጌጁን ንባብና ሰዓቱን ጻፉ። ስፋቱን ከ20 እስከ 30 የመለኪያ ነጥቦች ክፈሉ፤ ውሃው ጥልቅና ፈጣን በሆነበት አቀራርቡ፣ ዳር ላይ አራርቁ። ግቡ ከጠቅላላው ፍሰት 5 በመቶ የሚበልጥ የያዘ ሽንሽን እንዳይኖር ነው፤ 10 በመቶ ካለፈ ግን ልኬቱ ደካማ ነው። በጣም ጠባብ ጅረት ላይ ነጥቦቹ ማነሳቸው ግድ ነው።

ጥልቀቱ ከ75 ሴንቲሜትር በታች ከሆነ ፍጥነቱን አንድ ቦታ ብቻ ለኩ፦ ከውሃው ገጽ ወደ ታች የጥልቀቱ 0.6 ላይ። ከዚያ ከበለጠ በ0.2 እና በ0.8 ለክታችሁ አማካዩን ውሰዱ። በእያንዳንዱ ነጥብ ቢያንስ 40 ሰከንድ ቆዩ፤ የወንዝ ፍጥነት በየሰከንዱ ስለሚለዋወጥ የ10 ሰከንድ ንባብ በአጋጣሚ የተያዘውን ነው የሚነግራችሁ። የምትቆሙት ከዘንጉ ቢያንስ 40 ሴንቲሜትር ወደ ጎንና ትንሽ ወደ ታች ነው፤ እግራችሁ ውሃውን እየገፋ ሜትሩ ላይ ፍጥነት እንዳይጨምር። ዘንጉ ቀጥ ብሎ ይቁም። ፍሰቱ ቴፑን ከወጠራችሁበት መስመር ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ካልሠራ የማዕዘኑን ኮሳይን አባዙበት፤ በ20 ዲግሪ መዛነፍ ብቻ ፍሰቱ 6 በመቶ ያህል ተጋንኖ ይወጣል።

አንድ ነጥብ እንሥራ። ነጥቡ ከዳር 3.0 ሜትር ላይ ነው፤ ጎረቤቶቹ 2.6 እና 3.4 ላይ ናቸው። የሽንሽኑ ስፋት በሁለቱ ጎረቤቶች መካከል ያለው ርቀት ግማሽ ነው፤ (3.4 − 2.6) ÷ 2 = 0.4 ሜትር። ጥልቀቱ 0.62 ሜትር ስለሆነ ሜትሩ ከውሃው ወለል 0.37፣ ከመሬት 0.25 ሜትር ላይ ይቀመጣል። ፍጥነቱ 0.48 ሜትር በሰከንድ ተነበበ። ፍሰቱ 0.4 × 0.62 × 0.48 = 0.119 ሜትር ኪዩብ በሰከንድ። የሁሉም ድምር 1.74 ሆነ እንበል፤ ይህ ሽንሽን 6.8 በመቶ ይዟል ማለት ነው። ከ5 በልጧል፣ ከ10 ግን አላለፈም። እዚያው ሳላችሁ በመሃል ሁለት ሦስት ነጥቦች ብትጨምሩ ይሻላል። ስሌቱን ዳር ላይ ሆናችሁ የምትጨርሱትም ለዚሁ ነው፤ ቢሮ ከተደረሰ በኋላ ወንዙ ያው አይደለም።

ስትጨርሱ ጌጁን እንደገና አንብቡ። ልኬቱ ከርቩ ላይ የሚቀመጠው በመጀመሪያውና በመጨረሻው ንባብ አማካይ ነው። ውሃው በፍጥነት እየተነሳ ወይም እየወረደ ከሆነ ነጥቦቹን ቀንሳችሁ ቶሎ ጨርሱ፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ግማሽ ሜትር የተለዋወጠ ወንዝ ላይ 30 ነጥብ መለካት ትርጉም የለውም።

ውሃ ውስጥ መግባትን በተመለከተ አንድ ቁጥር ይያዝ፦ ጥልቀቱ በሜትር ሲባዛ በፍጥነቱ ወደ 1 ከተጠጋ አትግቡ። ቀላል ሰውነት ላለው፣ ወለሉ ለሚያንሸራትት ወይም ውሃው ለደፈረሰበት ከዚያም በታች ነው። የነፍስ አድን ጃኬት ይለበስ፣ ከሰው ወገብ ላይ ገመድ አይታሰር፤ ሲወድቅ ገመዱ ራሱ ይዞ ያሰጥመዋል። አንድ ሰው ዳር ቆሞ ከላይ የሚመጣ ግንድ ይጠብቅ።

ሜትር ማስገባት በማይቻልበት ጊዜ

ተንሳፋፊ ነገር ጥሎ ጊዜ መያዝ ቀላሉ ነው። ብርቱካን ይመረጣል፤ አብዛኛው አካሉ ውሃ ውስጥ ስለሚገባ ንፋስ አይገፋውም፣ ከሩቅም ይታያል። ቢያንስ 20 ሰከንድ የሚፈጅ ርቀት ለክታችሁ ሁለት ምልክት አቁሙ፤ ተንሳፋፊውን ከመጀመሪያው ምልክት ትንሽ በላይ ጣሉት። በግራ፣ በመሃል፣ በቀኝ እየጣላችሁ ደጋግሙ። የውሃው ገጽ ላይ ያለው ውሃ ከአማካዩ ስለሚፈጥን ውጤቱ በ0.85 ይባዛል፤ ለጥልቀት የለሽና ድንጋያማ ጅረት ዝቅ ያለ ቁጥር ይሻላል። 20 ሜትር በ25 ሰከንድ ከሄደ 0.8 ሜትር በሰከንድ ነው፤ በ0.85 ሲባዛ 0.68፤ የውሃው መስቀለኛ ስፋት (የወንዙ ስፋት በአማካይ ጥልቀቱ ሲባዛ) 3.5 ካሬ ሜትር ከሆነ ፍሰቱ 2.4 ገደማ። ሻካራ ዘዴ ነው፤ ግን በሙላት ቀን የተገኘ ሻካራ ቁጥር ከባዶ ከርቭ በብዙ ይበልጣል።

በድንጋይ መሃል አረፋ እየሠራ ለሚወርድ የተራራ ጅረት ካረንት ሜትር አይረባም፤ እዚያ ጨው ይሻላል። የተመዘነ የገበታ ጨው በባልዲ ውሃ ሟሙቶ በአንድ ጊዜ ይጣላል፣ ከታች በኩል የውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም በየ1 ወይም በየ5 ሰከንዱ ይመዘገባል። ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ኪዩብ በሰከንድ ግምት 1 ኪሎ ያህል መነሻ ይሁናችሁ። ጨው ከሚጣልበት እስከ ሚለካበት የወንዙን ስፋት 25 ጊዜ ያህል ይራቅ፤ በመካከል የተኛ ውሃ አይኑር። 1 ኪሎ ጨው ጥላችሁ ንባቡ ከመነሻው በአማካይ 20 ማይክሮሲመንስ በሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ለ200 ሰከንድ ከቆየ፣ ድምሩ 4000 ነው። 1 ማይክሮሲመንስ በሴንቲሜትር በሊትር 0.5 ሚሊግራም ጨው ገደማ ስለሆነ 2000 ይሆናል። 1,000,000 ሚሊግራም ሲካፈል ለ2000፣ 500 ሊትር በሰከንድ። ያችን 0.5 ግን ከወንዙ በተቀዳ ውሃ ላይ የታወቀ ጨው እየጨመራችሁ ራሳችሁ አረጋግጧት፤ ውጤቱ በሙሉ የተንጠለጠለው እሷ ላይ ነው።

ለምንጭና ለትንሽ ጅረት 90 ዲግሪ የተቆረጠ ባለ ሦስት ማዕዘን ሰሌዳ ይቆማል፤ ፍ = 1.38 × ከ^2.5፤ እዚህ ላይ ከ ከሦስት ማዕዘኑ ታችኛ ጫፍ በላይ ያለው የውሃ ከፍታ በሜትር ነው። ከጫፉ በላይ 20 ሴንቲሜትር ውሃ ማለት 25 ሊትር በሰከንድ ገደማ ነው። ከፍታው የሚለካው ሰሌዳው ላይ ሳይሆን ከከፍተኛው የውሃ ከፍታ ቢያንስ ሦስት አራት እጥፍ ወደ ላይ ርቆ ነው። የሚወድቀው ውሃ ከሰሌዳው ተላቆ ከሥሩ አየር መግባት አለበት፤ ከተጣበቀ ቀመሩ ይፈርሳል።

ለትልቅ ወንዝ ኤዲሲፒ የሚባለው በድምፅ ሞገድ የሚሠራ መሣሪያ በጀልባ ወይም በገመድ ተንሳፋፊ ይሻገራል። ከሁለቱም አቅጣጫ እኩል ቁጥር ያለው ምልልስ ይደረግ፤ አንድ ምልልስ ብቻ በቂ አይደለም፣ ጠቅላላ የልኬት ጊዜው 12 ደቂቃ ያህል ይድረስ። ከሁሉም በፊት ወለሉ ይንቀሳቀሳል ወይ የሚለው ይፈተን፦ በሙላት ጊዜ አሸዋው ራሱ ወደ ታች ስለሚሄድ መሣሪያው ጀልባው ወደ ላይ የሄደ ይመስለውና ፍሰቱን አሳንሶ ያወጣል።

ሬቲንግ ከርቭ መሥራት

የተለኩት ፍሰቶች ከጌጅ ንባባቸው ጋር ይሰደራሉ። ቅርጹ ፍ = ሐ × (ከ − ከ₀)^ለ ነው፤ ሐ ከልኬቶቹ የሚወጣ ቋሚ ቁጥር ነው። ከ₀ ፍሰት የሚቆምበት የጌጅ ንባብ ሲሆን ከስሌት ከማውጣት በአካል መለካት ይሻላል፦ ውሃው በጎደለ ጊዜ ኮንትሮሉ ላይ በጣም ጥልቅ የሆነውን ነጥብ ፈልጉ። ጌጁ 0.38 አንብቦ እዚያ ያለው ጥልቀት 0.18 ከሆነ፣ ከ₀ 0.20 ነው። ለ የሚባለው ቁጥር የኮንትሮሉን ቅርጽ ይናገራል፤ ለሰፊ አራት ማዕዘን እርከን 1.5፣ ለሰፊ ቦይ 1.67 አካባቢ፣ ለሦስት ማዕዘን ቅርጽ 2.5። ከመረጃችሁ 4 ወይም 5 ከወጣ ከ₀ ተሳስቷል ወይም ሁለት የተለያዩ ኮንትሮሎች በአንድ መስመር ታስረዋል ማለት ነው። (ከ − ከ₀) እና ፍ በሎግ ወረቀት (ሁለቱም ዘንጎቹ በሎጋሪዝም የተከፋፈሉ) ላይ ሲነደፉ ቀጥ ያለ መስመር ይሠራሉ፤ መስመሩ የተሰበረበት ከፍታ አለቱ የተዋጠበት ወይም ውሃው ዳርቻውን ያለፈበት ነው፣ እዚያ ላይ ሁለት የተለያየ ቀመር አድርጉ።

ለመጀመሪያ ከርቭ ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ የተዘረጉ ከ10 እስከ 15 ልኬቶች ይያዙ። አሥሩም በደረቅ ወቅት ከተለኩ ግን እንደ አንድ ናቸው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ አዲስ ልኬት ከርቩን ይፈትናል፤ ልዩነቱ በ5 በመቶ ውስጥ ከሆነ ደህና ነው። ተከታታይ ልኬቶች ሁሉ በአንድ ወገን ከወደቁ ኮንትሮሉ ተለውጧል። ወለሉ ከተሸረሸረ ለአንድ ዓይነት ከፍታ ፍሰቱ ይበዛል፤ ደለል ከሞላ ወይም አረም ከበቀለ ያንሳል። ለውጡ የጀመረበትን ቀን ለማግኘት የመጨረሻውን ትልቅ ሙላት መዝገቡ ላይ ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ እዚያው ነው።

ተዳፋቱ ዝቅ ባለ ወንዝ ላይ ሌላ ነገር ይታያል፦ ጎርፉ ሲነሳ በአንድ ከፍታ የሚያልፈው ውሃ ጎርፉ ሲወርድ በዚያው ከፍታ ከሚያልፈው ይበልጣል። ነጥቦቹ ቀለበት ሠርተው ከታዩ ስህተት አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ልኬት እየተነሳ ወይም እየወረደ መሆኑን ከጻፋችሁ ይፈታል።

የጎርፍ ጫፍ

ማታ መጥቶ ያለፈውን ጫፍ ለመያዝ 5 ሴንቲሜትር ያህል ስፋት ያለው ከታች ቀዳዳ፣ ከላይ የአየር መውጫ ያለው የብረት ቱቦ አቁሙ። ውስጡ የእንጨት ዘንግና ጥቂት የቡሽ ፍርፋሪ ይቀመጣል። ውሃው ሲወጣ ፍርፋሪው ይንሳፈፋል፣ ሲወርድ በደረሰበት ልክ ዘንጉ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ከተነበበ በኋላ ዘንጉ ተጠርጎ ይመለስ፤ ካልተጠረገ ቀጣዩ ንባብ የድሮው ሊሆን ይችላል። ቱቦው ከሌለ በማግስቱ ዳርቻው ላይ የቀረውን የጭቃና የሣር መስመር በሌቭል ለኩ። በሁለቱም ዳር ለጥቂት መቶ ሜትሮች ከተለካ ተዳፋቱ ይገኝና ፍሰትን ከቦዩ ቅርጽ፣ ተዳፋትና ሻካራነት በሚያሰላው በማኒንግ ቀመር ይገመታል፤ ሻካራነቱን ለንጹሕ ቦይ 0.03፣ ድንጋይና ቁጥቋጦ ለበዛበት 0.05 አካባቢ ውሰዱ። ይህ ቁጥር እንደ ልኬት ሳይሆን እንደ ግምት ነው ከርቩ ላይ የሚቀመጠው።

መዝገቡን ማጥራት

ጥሬው መረጃ ሳይነካ ይቀመጥ፤ እርማት በሌላ ቅጂ ላይ ነው። ሴንሰሩ ከጌጁ ቀስ እያለ ተንሸራቶ 3 ሴንቲሜትር ከራቀ እርማቱ በሁለቱ ጉብኝቶች መካከል ባለው ጊዜ ላይ ቀስ በቀስ ይከፋፈላል። አንድ ጎርፍ ገፍቶት ከሆነ ግን እርማቱ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ይገባል፤ የትኛው እንደሆነ የሚነግራችሁ ግራፉ ላይ ያለው ድንገተኛ ዝላይ ነው። ከጎደለ መረጃ ዝናብ ያልነበረበት ክፍል በቀጥታ መስመር ሊሞላ ይችላል፤ ዝናብ የነበረበት ክፍል ግን ከላይና ከታች ካሉ ጣቢያዎች ጋር ሳይነጻጸር አይሞላም፣ የተሞላውም «ግምት» የሚል ምልክት ይደረግበት። ከርቩ ከተለካው ከፍተኛ ፍሰት በላይ ተዘርግቶ የወጣ ቁጥርም እንደዚሁ ምልክት ይኑረው። ከተለካው ከፍተኛ ፍሰት እጥፍ የሚበልጥ ቁጥር ከሆነ፣ ማኒንግ ወይም ሌላ የተለየ ዘዴ ሳያረጋግጠው ለድልድይም ለግድብም ዲዛይን አይሰጥ።